የአንድ ዓይናው ሐኪም ካርታ

እ.ኤ.አ. በ1957 ነው፤ ቦታው ካምፓላ፣ ሙላጎ ሆስፒታል። (እዚህ የሚጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የውስጥ ደዌ ሐኪሙ ሂዩ ትሮዌል አንድ ሕመምተኛ ግራ ቢያጋባው የቀዶ ሕክምና ባልደረባውን ዴኒስ በርኪትን አስጠራው። ሕመምተኛው አምስት ዓመት ገደማ የሆነው ወንድ ልጅ ነበር። ፊቱ ክፉኛ አብጧል። እብጠቱ ግን በአንድ ጉንጭ ብቻ አልነበረም፤ ከላይ ቀኝና ግራ፣ ከታችም ቀኝና ግራ፣ መንጋጋው በአራቱም ወገን ተነፍቷል። ጥርሶቹ ተነቃንቀው ወዲያና ወዲህ ተጣመዋል።

በርኪት ልጁን ደጋግሞ ዳሰሰው። ኢንፌክሽን ነው እንዳይል፣ አራት ቦታ በአንድ ጊዜ እንዲህ የሚገባ ኢንፌክሽን አያውቅም። ካንሰር ነው እንዳይል፣ ካንሰር ከአንድ ቦታ ተነስቶ ይዛመታል እንጂ አራት ማዕዘን ለክቶ አይበቅልም። ቢላዋም የሚያዋጣ አልነበረም፤ የልጁን መንጋጋ በሙሉ አውጥቶ ምን ሊተካለት ነው? ፎቶግራፍ አነሳውና ወደ ሌላ ሥራው ተመለሰ። በትልቅ ሆስፒታል እንዲህ ያለ ጉድ አንድ ሰሞን ታይቶ ይረሳል። ይኸኛውም በተረሳ ነበር፣ በርኪት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ለሥራ ወደ ጂንጃ ባይሄድ ኖሮ።

ጂንጃ ነጭ አባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ የሚወጣባት ከተማ ናት፤ ከካምፓላ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በርኪት እዚያ ባለው ሆስፒታል ሕመምተኞችን እያየ ሳለ በመስኮት ወደ ውጭ ተመለከተ። ግቢው ውስጥ ሣር ላይ አንዲት እናት ልጇን ይዛ ተቀምጣለች። የልጇ ፊት አብጧል። በርኪት ሥራውን ትቶ ወጣና ጎንበስ ብሎ የልጁን አፍ ከፍቶ አየ። ከላይ ቀኝና ግራ፣ ከታች ቀኝና ግራ። ያው ራሱ።

ልብሱን ገልጦ ሆዱን ሲዳስስ ደግሞ እጁ ሌላ ነገር ነካ። እዚያም ውስጥ ዕጢ ነበረ።

እዚህ ላይ ስለ ሰውየው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በርኪት በ1911 በሰሜን አየርላንድ፣ ኢኒስኪለን በምትባል ከተማ ተወለደ። በ11 ዓመቱ ከልጆች በተወረወረ ድንጋይ መነጽሩ ተሰብሮ ቀኝ ዓይኑን አጣ። ዩኒቨርሲቲ የገባው ምህንድስና ሊማር ነበር፤ ሃይማኖተኛ ሰው ነበርና በጸሎት አስቦበት ወደ ሕክምና ዞረ። በአፍሪካ የቅኝ ግዛት ሕክምና አገልግሎት ለመቀጠር ሲያመለክት አንድ ዓይን ያለው ቀዶ ሐኪም አንፈልግም ተባለ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ በ1946፣ ኡጋንዳ ተቀበለችው።

አባቱ መሐንዲስ ነበር። ትርፍ ጊዜውን ግን የሚያጠፋው ወፍ በመከታተል ነው፤ በወፎች እግር ላይ ቀለበት እያሰረ የትኛዋ ወፍ የትኛውን የአትክልት ጥግ እንደምትይዝ በካርታ ላይ ያሰፍር ነበር። ይህ ነገር በልጁም ደም ሳይገባ አልቀረም። በሰሜን ኡጋንዳ፣ ሊራ ላይ ሲሠራ የወንዶች ቆለጥ ውኃ ቋጥሮ የሚያብጥበትን በሽታ ብዛት እየቆጠረ ስፍራ ስፍራውን መዘገበ፤ በሽታው በአውራጃው ምሥራቅ በብዛት፣ በምዕራቡ ግን እምብዛም እንደማይገኝ አሳየ። ሰበቡ በትንኝ የሚተላለፍ ትል ነበር። ሌላው ቀዶ ሐኪም እብጠቱን ቀዶ ይሸኛል። በርኪት ግን ቀዶ ከሸኘ በኋላ ሰውየው ከየት እንደመጣ ይጠይቅ ነበር። የታሪኩ ቁልፍ እዚህች ጥያቄ ላይ ነው።

ወደ ካምፓላ ሲመለስ በቀጥታ የገባው ወደ መዝገብ ክፍል ነው። በማኬሬሬ የነበረው ፓቶሎጂስት ጃክ ዴቪስ በዚያን ጊዜ በአፍሪካ ብርቅ የሆነ የካንሰር መዝገብ አደራጅቶ ነበር። በርኪት የሕፃናቱን ፋይሎች አንድ በአንድ አገላበጠ። መንጋጋቸው ያበጠ ልጆች ሆዳቸውም ውስጥ ዕጢ ተገኝቷል፤ አንዳንዱ በኩላሊት፣ አንዳንዱ በጉበት፣ በሴቶቹ ደግሞ በእንቁልጢ። ዕጢው አከርካሪያቸው ላይ ተጠግቶ ሕብለ ሰረሰራቸውን የተጫነባቸውና ከወገብ በታች የሰለሉም ነበሩ። የየፋይሉ ስም ግን ልዩ ልዩ ነው። የዓይን ሐኪሙ የዓይን ካንሰር ብሎታል፤ ኩላሊት ያየው የኩላሊት ካንሰር፣ አጥንት ያየው የአጥንት ካንሰር። እያንዳንዱ ባለሙያ የደረሰውን ቁራሽ ይዞ ቀርቷል። መንገዱ ሲገለጥማ ሌላም ነገር ወጣ፤ በሜንጎ ሆስፒታል ቀደምት ሚስዮናዊው ሐኪም አልበርት ኩክ፣ ገና በ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ፣ መንጋጋቸው ያበጠ ሕፃናትን በማስታወሻው አስፍሮ ነበር። በሽታው አዲስ አልነበረም። አዲስ የሆነው ቁራሾቹን አንድ ላይ ያስቀመጠ ሰው መገኘቱ ነው።

በ1958 በርኪት ስለ 38 ሕፃናት የጻፈው ጽሑፍ በብሪታንያ የቀዶ ሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ። በአርእስቱ በሽታውን «ሳርኮማ» ብሎታል፤ ሳርኮማ ከአጥንት፣ ከጡንቻና ከመሳሰሉት የሚነሳ የካንሰር ወገን ነው። ስሙ ስህተት ነበር። ከዓመታት በኋላ በካምፓላ ይሠራ የነበረው አሜሪካዊው ፓቶሎጂስት ግሪጎሪ ኦኮነር ሕዋሳቱን በማይክሮስኮፕ መርምሮ በሽታው ሊምፎማ፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ካንሰር መሆኑን አረጋገጠ። አራት ቦታ በአንዴ መብቀሉም ያኔ መልስ አገኘ፤ እነዚህ ሕዋሳት ድሮውንም በመላ ሰውነት ይዘዋወራሉና። ለጊዜው ግን የበርኪትን ጽሑፍ ልብ ያለው አልነበረም። ታተመ፣ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ፣ ውኃ በላው።

ነገሩን የቀሰቀሰው አንድ እንግዳ ነው። ጆርጅ ኤትል የተባለ ደቡብ አፍሪካዊ የካንሰር ተመራማሪ ካምፓላ መጥቶ የልጆቹን ፎቶግራፎች አየና እንዲህ ያለ በሽታ በአገሩ እንደሌለ ተናገረ። ሌላ ሰው ቢሆን «ይገርማል» ብሎ ሻዩን ይጠጣ ነበር። በርኪት ግን ሌላ ነገር ታየው። ኡጋንዳ ካለ፣ ደቡብ አፍሪካ ከሌለ፣ መካከል ላይ የሚያበቃበት መስመር አለ ማለት ነው። ያ መስመር የት ነው?

መንግሥት የሰጠው የምርምር ገንዘብ 25 ፓውንድ ነበር። በዚያ ገንዘብ ያበጡ ፊቶችን ፎቶግራፍ የያዘ ወረቀት አሳትሞ በመላው አፍሪካ ወዳሉ የመንግሥትና የሚስዮን ሆስፒታሎች በፖስታ ላከ፤ እንዲህ ያለ ልጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? መልሱ ይመጣ ጀመር። «አይተናል» ባለው ሆስፒታል ሁሉ በግድግዳው ካርታ ላይ መርፌ ተሰካ። ቀስ በቀስ መርፌዎቹ ከምዕራብ እስከ ምሥራቅ አፍሪካን እንደ መቀነት አጠለቋት፤ ከምድር ወገብ በላይና በታች አሥር፣ አሥራ አምስት ዲግሪ ያህል ስፋት ያለው፣ በምሥራቅ በኩል ወደ ሞዛምቢክ የሚወርድ ጅራት ያለው መቀነት። ጅራቷ እንቅልፍ ነሳችው። ለምን በዚያ በኩል ብቻ ወረደች?

ፖስታ ከዚህ በላይ አልሄደም፤ ራሱ መሄድ ነበረበት።

ጥቅምት 1961 መጀመሪያ ላይ በርኪት፣ ቴድ ዊሊያምስና ክሊፍ ኔልሰን ከተባሉ ሁለት ሐኪም ጓደኞቹ ጋር፣ በ250 ፓውንድ በተገዛች የ1954 ሞዴል አሮጌ ፎርድ ከካምፓላ ወጣ። አሥር ሳምንት ፈጀባቸው። 16 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል፣ በአብዛኛው በአቧራ መንገድ፣ ታንጋኒካን፣ ኒያሳላንድን፣ ሮዴዥያንና ሞዛምቢክን እያቋረጡ ወደ ደቡብ ነዱ፤ ከሃምሳ በላይ ሆስፒታሎችን ጎበኙ። ሥራው ቀላል ነው፤ ፎቶግራፉን አውጥቶ ማሳየት፣ ሐኪሙን መጠየቅ፣ መመዝገብ፣ መንዳት። የጉዞው ጠቅላላ ወጪ 700 ፓውንድ እንኳ አልሞላም። በሕክምና ምርምር ታሪክ በዚህ ዋጋ ይህን ያህል የተገዛበት ሥራ ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ።

የሄዱት ወደ ደቡብ ሲወርዱ በሽታው የሚቆምበትን ድንበር ፍለጋ ነበር። ያገኙት ግን ከላይ ወደ ታች የሚለይ ድንበር ነው። በአንድ አገር፣ በአንድ ሕዝብ መካከል፣ ሸለቆው ውስጥ ያለው ሐኪም ፎቶግራፉን እንዳየ በአዎንታ ራሱን ይነቀንቃል፤ ተራራው ላይ ያለው ግን አይቶ አያውቅም። በምድር ወገብ አካባቢ ከ1,500 ሜትር በላይ በሽታው የለም። ወደ ደቡብ በተሄደ ቁጥር ይህ ከፍታ እየወረደ ይመጣል። የሩዋንዳና የቡሩንዲ ደጋ ንጹሕ ነው፤ የሞዛምቢክ ዳርቻ ግን ዝቅ ያለ ሞቃት ምድር ስለሆነ ጅራቷ በዚያ በኩል ወረደች።

ፍቺው የተገኘው ከካምፓላ ቅርብ፣ ኢንቴቤ ነው። የዚያው የቫይረስ ምርምር ተቋም ዋና ኃላፊ አሌክሳንደር ሃዶ ካርታውን ሲያይ ከፍታው የሙቀት ሌላ ስሙ መሆኑን ነገረው። ሙቀቱ ከ16 ዲግሪ ገደማ በታች በሚወርድበት በሽታው የለም፤ ዝናብ በሚያንስበትም እንዲሁ። የኛ አገር ገበሬ ይህን ካርታ ቢያይ አስተርጓሚ አያሻውም ነበር። 1,500 ሜትር ማለት ቆላ አልቆ ወይና ደጋ የሚጀምርበት ነው። የበርኪት መስመር የቆላ ወሰን ነበር።

ሙቀትና ዝናብ የሚወድ ማነው? ትንኝ። ሃዶ የቢጫ ወባ ሰው ነበርና የሁለቱ ካርታ መመሳሰል ወዲያው ታየው። እንግዲያው ይህ ካንሰር በትንኝ ከልጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ ቫይረስ ያመጣው ይሆናል ተባለ። የሰው ካንሰር በቫይረስ ይመጣል ማለት በዚያ ዘመን አጉል ድፍረት ነበር። የሚያምን ሰው ከተገኘም እብድ የሚባል መሆን አለበት።

እንዲህ ያለ ሰው ለንደን ውስጥ ነበር።

ከረጅሙ ጉዞ ስድስት ወር ቀደም ብሎ፣ መጋቢት 22 ቀን 1961፣ በርኪት በለንደን ሚድልሴክስ ሆስፒታል ንግግር አድርጎ ነበር። ከአፍሪካ የመጣ ማንም የማያውቀው ቀዶ ሐኪም ስለ ሕፃናት ዕጢ ሊናገር ነው፤ ሰው አልተጋፋም። ከአድማጮቹ መካከል ግን አንቶኒ ኤፕስቲን ነበር። ሥራው የዶሮ ሳርኮማ ነው፤ በዶሮ ላይ ያን ካንሰር የሚያመጣ ቫይረስ እንዳለ ከ1911 ጀምሮ ይታወቃል። በዶሮ ከሆነ በሰው ለምን አይሆንም እያለ ይብሰለሰል የነበረው ኤፕስቲን፣ ካንሰሩ የሚገኘው በተወሰነ የአፍሪካ ክፍል ብቻ እንደሆነ ሲሰማ አላስችል አለው። ንግግሩ እንዳለቀ በርኪትን አገኘውና የዕጢውን ናሙና ከካምፓላ እንዲልክለት ተስማሙ።

ናሙናው በአውሮፕላን ይመጣ ጀመር። ኤፕስቲን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያያል፤ ምንም የለም። እንደገና ይመጣል፣ ያያል፤ ምንም። ሕዋሳቱን በቤተ ሙከራ አሳድጎ ለማየት ሞከረ፤ ይሞቱበታል። ከሁለት ዓመት በላይ እንዲህ ሄደ። በዚህ መሀል ኢቮን ባር ረዳት ሆና ገባች፤ የትሪኒዳዱ ተወላጅ በርት አቾንግም በማይክሮስኮፑ በኩል ተጨመረ። ቫይረስ ግን የለም።

ታኅሣሥ 5 ቀን 1963 ከካምፓላ የተነሳ ናሙና ለንደን መድረስ ነበረበት። ከዘጠኝ ዓመት ልጃገረድ መንጋጋ የተወሰደ ነበር። ለንደን በጭጋግ ተሸፈነችና አውሮፕላኑ ወደ ማንቸስተር ዞረ። ጠርሙሱ ሲደርስ ቀኑ መሽቷል፤ ቁራጩ የተዘፈቀበት ፈሳሽ ደፍርሷል። የደፈረሰ ፈሳሽ ማለት ባክቴሪያ የገባበት ማለት ነው፤ በደንቡ ይደፋል። ኤፕስቲንም ሊደፋው ተቃርቦ ነበር።

ከመድፋቱ በፊት ግን ጠብታውን በማይክሮስኮፕ አየ። ባክቴሪያ የለም። ፈሳሹን ያደፈረሱት ከቁራጩ ተላቀው በነጻ የሚንሳፈፉ፣ ጤነኛ የሚመስሉ የዕጢው ሕዋሳት ነበሩ። መንገዱ ረዝሞ ሲንገላቱ ተፈልቅቀዋል። እስከዚያ ቀን ሁሉም ሰው እነዚህን ሕዋሳት የሚያሳድገው መስታወት ላይ ተለጥፈው እንዲኖሩ እያደረገ ነበር። የዚያን ጊዜ ገባው፤ ሕዋሳቱ የሚፈልጉት ተንሳፍፎ መኖር ነው። እንደዚያው ተዋቸው፤ ተባዙ።

የካቲት 24 ቀን 1964 የተባዙት ሕዋሳት በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሥር ገቡ። ገና በመጀመሪያው ናሙና፣ በአንዲት ሕዋስ ውስጥ፣ ኤፕስቲን ቫይረስ አየ። የማይክሮስኮፑ ጨረር ያየውን ነገር እንዳያቃጥልበት ሰግቶ መሣሪያውን አጠፋ። ኮት ሳይለብስ ወጥቶ በበረዶው ውስጥ ሕንፃውን ዞረ። ሲረጋጋ ተመለሰና አበራው። ቫይረሱ አለ።

ወረቀቱ በዚያው ዓመት መጋቢት ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ወጣ፤ ቫይረሱም በኤፕስቲንና በባር ስም ተጠራ። በሰው ላይ ካንሰር ሲያመጣ የተገኘ የመጀመሪያው ቫይረስ ይኸው ነው። አስቂኙ ነገር፣ ትንኟ ይህን ቫይረስ አታስተላልፍም። በምራቅ ይተላለፋል፤ ከዓለም አዋቂዎች ከአሥሩ ዘጠኙ በላይ ይዘውት ይኖራሉ፤ አብዛኞቹ ምንም አይሆኑም። ታዲያ ካርታው ለምን የትንኝ ካርታ ሆነ? ወባ ነው። ደጋግሞ ወባ የያዘው ሕፃን የመከላከያ ሕዋሳቱ ያለ ዕረፍት ይባዛሉ፤ ቫይረሱ ከገባባቸው መካከል አንዷ ከልክ የምትወጣው በዚህ ግርግር ነው። ግምቱ ስቷል፣ ካርታው ግን አልዋሸም።

እዚህ ላይ ታሪኩን ጨርሰው የሚነሱ ጸሐፊዎች አሉ። እኔን ግን ይበልጥ የሚይዘኝ በሙላጎ አልጋዎች ላይ የሆነው ነው። በርኪት እንደዚያ ሲዞር ልጆቹ ይሞቱ ነበር፤ ያውም በሳምንታት ውስጥ። ዕጢው በአንድና በሁለት ቀን እጥፍ የሚሆን፣ ሰው ከሚያውቃቸው ካንሰሮች ሁሉ ፈጣኑ ነው። ሀብታም አገር ቢሆን ሐኪሙ ወደ ጨረር ሕክምና ይሮጥ ነበር። ኡጋንዳ ግን ያኔ የጨረር መሣሪያ አልነበራትም። የቀረው መድኃኒት ብቻ ነው፤ ኬሞቴራፒ ደግሞ በዚያ ዘመን ገና ድክ ድክ የሚል ነበር።

ከኒውዮርክ ካንሰር ማዕከል የመጣው ጆሴፍ በርቼናል በርኪትን አበረታታው፤ ኩባንያዎች መድኃኒቱን በነጻ ሰጡ። ሜቶትሬክሴት፣ ሳይክሎፎስፋማይድ፣ ቪንክሪስቲን። በርኪት መጠኑን በስጋት አሳነሰ፤ የደም ምርመራውን በየቀኑ መከታተል የሚችልበት አቅም አልነበረውምና። የሆነውን ማመን አልቻለም። የልጅ ፊት በቀናት ውስጥ ይጎድል ጀመር፤ ጥርስ ወደ ቦታው ተመለሰ። በአንድ መርፌ ብቻ ዕጢው ጠፍቶ ለዓመታት የኖሩ ልጆች ተገኙ። በዕጢ ተጭኖ ከወገብ በታች ከሰለሉትም ፈጥነው የታከሙት ቆመው ሄዱ። ካንሰር በመድኃኒት ብቻ ሊድን እንደሚችል ለዓለም ካስረዱት የመጀመሪያ ማስረጃዎች አንዱ ከዚህ መሣሪያ አልባ ሆስፒታል ወጣ።

በ1967 በሙላጎ የኡጋንዳ ካንሰር ኢንስቲትዩት ተከፈተ፤ ወጣቱ አሜሪካዊ ጆን ዚግለር መራው። ሕክምናው በሥርዓት ሲሰጥ አዲስ ችግር ብቅ አለ። ዕጢው ከፊት ይጠፋና በአንጎልና በአከርካሪ ፈሳሽ በኩል ተደብቆ ይመለሳል። ኢዲ አሚን መጣ፣ የውጭ ሐኪሞች ወጡ፤ ኢንስቲትዩቱ በኡጋንዳዊው ቻርልስ ኦልዌኒ እጅ ቀረ። ኦልዌኒና ባልደረቦቹ አንጎልንና አከርካሪን በጨረር ቀድሞ መምታት ዕጢው እንዳይመለስ ያደርግ እንደሆነ ሞከሩ። አልሆነም። አለመሆኑንም ሳይደብቁ በ1977 ጻፉት፤ ለእኔ ከድሉ እኩል የሚያኮራ ወረቀት ነው።

ጨረር ራሱ ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር ሆኗል። ዛሬ በደላው አገር ወደ አከርካሪ የተዛመተ እውነተኛ ሳርኮማ፣ ጨረሩ ከየአቅጣጫው በሚሊሜትር ተለክቶ፣ ሕብለ ሰረሰርን በተቻለ መጠን ሳይነካ በጥቂት ቀናት ይመታል። ሙላጎ ግን በ1995 የተተከለላት አንዲት የኮባልት መሣሪያ በ2016 ተሰብራ አገሩ ሁሉ ያለ ጨረር ሕክምና ቀረ፤ የተወሰኑ ሕመምተኞች ናይሮቢ በሚገኘው የአጋ ካን ሆስፒታል እንዲታከሙ ተደረገ። አዲሷ ኮባልት ሥራ የጀመረችው በ2018 መጀመሪያ ነው።

በርኪት በ1960ዎቹ አጋማሽ ኡጋንዳን ለቆ ወደ እንግሊዝ ተመለሰ፤ በ1993 አረፈ። በሽታው በስሙ የበርኪት ሊምፎማ ይባላል። በሀብታም አገሮች ከአሥር ልጆች ዘጠኙ ይድናሉ፤ በአፍሪካ ግን ግማሽ እንኳ የማይድንበት ቦታ ብዙ ነው። ከመድኃኒቶቹ ዋና ዋናዎቹ ዛሬም የካምፓላዎቹ ናቸው፤ ልዩነቱን ከሚያመጡት መካከል ልጁ ዘግይቶ መድረሱና ሕክምናውን ሳይጨርስ ማቋረጡ ይገኙበታል። ጋምቤላ፣ መተማ፣ ሁመራ ወይም ሌላ ወባማ ቆላ ያላችሁ ወላጆች፣ የልጃችሁ ጥርስ ያለ ጊዜው ከተነቃነቀና መንጋጋው ወይም ሆዱ በቀናት ውስጥ ካበጠ፣ ወይም እግሩ በድንገት ከዛለ፣ ጥርሱን አስነቅላችሁ አትመለሱ። የጥቁር አንበሳ፣ የጎንደርና የጅማ ሆስፒታሎች የሕፃናት ካንሰር ሕክምና ይሰጣሉ፤ በዚያው ሳምንት ውሰዱት።